ሚዜዬን የመለስሁ ለት

የልጅ ልጄ ሜሮን ለአያቷ ሙት ዓመት ከባሕር ዳር መጥታ ሰነበተች። ድንኳኑ ፈርሶ፣ የተዋስነው ድስትና ብርጭቆ ለየባለቤቱ ተመልሶ፣ ቤቱ ጭር ባለ በማግስቱ በረንዳው ላይ ወረቀት ዘርግታ ስትጽፍና ስትሰርዝ አየኋት። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የፊልም አጻጻፍ ነው። «ምንድን ነው?» ብላት «የፊልሜ አጥንት ነው እምዬ» አለችኝ፤ ሥጋው ገና ነው ማለቷ ነው። ታሪኩ ጓደኛዋን በድብቅ ስለምትወድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ እያሳቀ የሚሄድ የፍቅር ፊልም። አጥንቱ አምስት ነው አለችና በጣቷ እየቆጠረች አስረዳችኝ። መጀመሪያ ሁለቱ ጓደኛሞች ናቸው፤ እሷ ትወደዋለች፣ እሱ አያውቅም። ቀጥሎ ሌላ ሰው መሀል ይገባል። ከዚያ አንድ አለመግባባት ይፈጠርና ይኳረፋሉ። ከዚያ ሁሉ ነገር ያለቀለት ይመስላል። በመጨረሻ ልጅቱ ሮጣ ሄዳ ሰው በተሰበሰበበት «እወድሃለሁ» ትለዋለች፤ ይሳሳማሉ፤ ዘፈን ይገባል፤ አለቀ። በጥሞና ሰማሁና «ደኅና ነው» አልኋት። እሷ ግን ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «መቼም በእናንተ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። አንቺንማ ቤተሰብ ነው የዳረሽ።» እኛ አያቶቻችንን አንቱ ነበር የምንለው፤ እሱንስ ትቼዋለሁ።

አልነበረም! ሐኪሙ «አይናደዱ» ብሎኛል፤ ደም ግፊት አለብኝ። ግን ይህን ሰምቼ ዝም ብል ግፊቱ ይብስብኛል። የዛሬ ልጆች ፍቅር ከስልካቸው ጋር በካርቶን ታሽጎ የመጣ ዕቃ ይመስላቸዋል። ከእነሱ በፊት የነበርነው እንደ ከብት ተነድተን ገብተን፣ ወልደን፣ አርጅተን የምንሞት ነን። እምቢ፣ ይህን አልቀበልም። ሜሮን በወረቀቷ የደረደረችውን ሁሉ እኔ በአቡጀዲ ቀሚስ ሠርቼዋለሁ፤ እንዲያውም ወረቀቷ የማያውቀውን አንድ ነገር ጨምሬ። ደግሞ «ተመልካቹ መጨረሻውን አስቀድሞ ማወቅ የለበትም» የሚል ሕግ አላት። እሱንም እጥሰዋለሁ። ልጁ ይርጋ ይባላል፤ የዛሬ ዓመት የቀበርሁት ባሌ፣ የሜሮን አያት እሱ ነው። ይኸው መጨረሻውን ነገርኋችሁ፤ አሁን መሀሉን ስሙኝ።

አገራችን ፎገራ ነው። ዛሬ ዳር እስከ ዳር ሩዝ የሚታጨድበት ሜዳ ያን ጊዜ ሩዝ የሚባል ነገር በስሙም አያውቅ። ጤፍ ነበር፣ ጓያ ነበር፣ ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ የሚዘራ ሽምብራ ነበር፤ የቀረው ሁሉ ሣርና ከብት ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ከአፉ ወጥቶ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል፤ ቤቶቻችን ያሉባቸው ጉብታዎች ብቻ ብቅ ብለው ይታያሉ፤ ከጎረቤት እሳት ለመጫር እንኳ ታንኳ ያስፈልጋል። ከመንደራችን ወረታ በደረቁ ወራት የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። አባቴ አንድ ጊዜ ወረታ ችሎት ቀርቦ ምን እንደሚል ባላወቀው ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን አትሞ ከተመለሰ ወዲህ «ከቤቴ አንድ ሰው ማንበብ አለበት» ብሎ ማለ። ወንድሞቼ ለእርሻ ይፈለጋሉ፤ የተረፍሁት እኔ ነበርሁ። ሴት ልጅ ደግሞ ብቻዋን አትሄድም። ስለዚህ የአጥቢያችን የመሪጌታው ልጅ ይርጋ ተማሪ ቤት ይሄድ ነበርና አባቴ ጠርቶ «አደራህን፣ አብራችሁ ውላችሁ አብራችሁ ግቡ» አለው። አደራ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ቢያውቅ ኖሮ ከበሬ ጋር ይጠምደኝ ነበር።

እርሳስ አምስት ሳንቲም ነበር። አንዱን ገዝተን ለሁለት እንቆርጠውና ላጲሱ ያለበትን ጫፍ ለእኔ ይሰጠኛል፤ እሱ ሲሳሳት በምራቁ ነው የሚያጠፋው፤ ደብተሩ በየገጹ ቀዳዳ ነበር። ይርጋ የሚለብሰው ካኪ ቁምጣ ነው፤ መቀመጫው ላይ ሁለት ክብ እራፊ ተጥፎበታል፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ግራጫ። መንገዱ ቀጭን ስለሆነ እሱ ፊት እኔ ኋላ ነን፤ እነዚያን ሁለት እራፊዎች በመላው ፎገራ እንደ እኔ የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም። ወረታ ገበያው ማዕዘን ላይ የዐረቡ ሱቅ ነበር፤ ራዲዮ ያለው እሱ ነው። ከተማሪ ቤት ስንወጣ እዚያ ጥግ ቆመን ዘፈን እንሰማለን፤ ሰውዬው የሚያባርረን ዘፈኑ ሲያልቅ ብቻ ነበር፤ ደግ ሰው ነው። ቴትሮን ሸሚዝ የለበሱ፣ ጸጉራቸውን በቫዝሊን ያስተኙ የመንግሥት ሠራተኞች አምስት ሳንቲም ከፍለው ሻይ ይጠጣሉ፤ እኛ ሽታውን በነጻ እንጠጣለን። ከዚያ ዘፈኑን ይርጋ እስከ መንደር ይዘፍነዋል፤ የመሪጌታ ልጅ ሆኖ ሳለ ድምፁ የተሰነጠቀ ጋን ነበር። ዛሬ እዚያ ማዕዘን ላይ የስልክ መሸጫ አለ፤ ባጃጆች ተደርድረው ይጮኻሉ። በዚያ ሳልፍ አሁንም ትንሽ እቆማለሁ፤ ባለሱቁ ስልክ የምገዛ መስሎት «እናቴ ይግቡ» ይለኛል።

እንደምወደው ያወቅሁት ወንዛዬ ሄደን ሳለ ነው። እናቴን ወገቧን አሟት ፍል ውሃ ለመታጠብ ሰባት ቀን ሰነበትን፤ እሷ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ ስንቁን ተሸክሜ። በሁለተኛው ቀን የምበላው አልጣፍጥ አለኝ። በሦስተኛው ቀን እናቴን ያለ ምክንያት ተቆጣሁ። በአራተኛው ቀን ጎንበስ ብዬ ውሃ ስቀዳ ከፊቴ ሁለት እራፊ፣ አረንጓዴና ግራጫ፣ ታየኝ፤ ያን ጊዜ «ወይኔ ጉዴ» አልሁ። ይህን ስነግራት ሜሮን እዚህ ላይ ሳቀች። ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይምጣ? በዚያው ቀን አንዲት ወፍራም ሴትዮ ከሴቶቹ መታጠቢያ ዳር ሆና «አንች ልጅ፣ እስቲ ጀርባዬን እሺልኝ» አለችኝ። እኔም በይርጋ ናፍቆት ነድጄ ስለነበር ቁጣዬን ሁሉ ጀርባዋ ላይ ተወጣሁት፤ ቆዳዋ እንደ በርበሬ እስኪቀላ አሸኋት። ሴትዮዋ ዞር ብላ ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ አደረገችና እናቴን «የማን ልጅ ናት? ይህ ክንድ ዐሥራ ሁለት ላም አልቦ አይደክምም» አለቻት። የሜሮን ወረቀት «ሌላ ሰው መሀል ይገባል» የሚለው ይህ ነው። የእኔው ገና ፊቱን ሳላየው በእናቱ ጀርባ በኩል ገባ።

ስሙ ፈንታሁን ነው፤ ከወንዙ ማዶ፣ ከብቱ የማይቆጠር ሰው ልጅ። በኅዳር ሽማግሌ መጣ፤ ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ይህን አልክድም፤ ሜሮን እዚህ ላይ ልክ ናት። አባቴ ግን እስከ ገና ከተማሪ ቤት እንዳልቀር አስፈቀደልኝ። አንድ ቀን ከወረታ ስንመለስ የሽምብራው እሸት ደርሶ ስለነበር መንገድ ዳር ተቀመጥን። ይርጋ እየፈለፈለ፣ ጥንድ የሆነውን እየመረጠ መዳፌ ላይ ያስቀምጣል፤ ሁልጊዜም እንዲያ ነው የሚያደርገው። አንገቱን ደፍቶ «ፈንታሁን ጓደኛዬ ነው፣ ታውቂያለሽ» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«አንደኛ ሚዜ ሁነኝ ብሎ ላከብኝ።»

«ምን አልኸው?»

«እሺ አልሁት» አለ፤ ቀና ብሎም አላየኝ። «ሌላ ሰው ከሚሆን እኔ ብሆን ይሻላል ብዬ ነው። እኔ ሚዜሽ ከሆንሁ ማንም ክፉ አያናግርሽም። ባሰኘኝ ቀን መጥቼ አይሻለሁ፣ ማንም ምን አገባህ አይለኝም። ወንድምሽ እሆናለሁ በቃ።»

መዳፌ ላይ ያለውን ሽምብራ ሁሉ ሜዳው ላይ በተንሁት። ደንግጦ «ምነው፣ ትል አለው እንዴ?» አለኝ። ወንድ ልጅ!

ሜሮን ሚዜ ማለት አንድ ዓይነት ሱፍ ለብሶ ፎቶ የሚነሣ ሰው ይመስላታል። እኛ ዘንድ ሚዜ ይምላል። ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት ከመውጣቷ በፊት አንደኛ ሚዜ ከቤተሰቧና ከነፍስ አባቷ ፊት ቆሞ «ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ናት» ብሎ ይምላል፤ ከማለ በኋላ የእናቷ ልጅ ማለት ነው። ከባሏ ስትጣላ የሚያስታርቃት እሱ፣ ስትታመም የሚጠይቃት እሱ፣ ስትበደል የሚቆምላት እሱ። እና ደግሞ ባሏ ቢሞት፣ ብትፈታም፣ ፀሐይ በምዕራብ ብትወጣም ሊያገባት አይችልም፤ እህቱን አገባ ይባላል፤ አጥቢያው አብሮት ማዕድ አይቀርብም። ይርጋ ይህን አጥቶት አይደለም። ሊያገኘኝ እንደማይችል ቆርጦ ስለነበር፣ ቢያንስ በወንድም በር ልግባ ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ፈንታሁንን ባል አድርጌ መኖር እችል ይሆናል፤ ባል ይፈታል። ወንድም አይፈታም። ይርጋ ያን ቃል ከአፉ ካወጣ የሕይወቴ በር በእሱ በኩል ለዘለዓለም ይዘጋል። ለእሱ ይህን ልንገረው ብል ደግሞ አፌ እምቢ አለኝ፤ ምን ብዬ? የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ታጭቻለሁ፤ እሱም የሚወደኝ መሆኑን አላውቅም፤ አደራ የተቀበለ የመሪጌታ ልጅ መሆኑን ብቻ አውቃለሁ።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ዳሱ ከደንገል ተሠርቶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ሁለት በሬ ወድቆ። እኔን እጄን እንሶስላ አሙቀው፣ አዲስ ጥልፍ ቀሚስ አልብሰው፣ ከራስ እስከ እግር በኩታ ሸፍነው ከእናቴ አጠገብ አስቀምጠውኛል። ሙሽራ አትናገርም፣ ቀና አትልም፣ አትስቅም፤ ብታለቅስ ደግ ነው። በኩታው ስስ በኩል ሲገቡ አየኋቸው። ፈንታሁን ካባ ደርቦ መሀል፣ ይርጋ በቀኙ። ቁምጣው ቀርቷል፤ ነጭ ተፈሪ ሱሪ ታጥቋል፤ እራፊ የለበትም። ቀሚሱን ሲያለብሱኝ ያለቀስሁት ለወጉ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ከምሬ እንባዬ መጣ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ። ከዚያ የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ተነሡና «በል ልጄ፣ ማል» አሉት። ይርጋ ራመድ ብሎ ከፊቴ ቆመ። ጉሮሮውን ጠራረገ። አፉን ከፈተ።

«አልፈልገውም!» አልሁ።

ዳሱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ ማን እንደተናገረ ፈለገ። አጎቴ ከኋላው የተቀመጡትን ልጃገረዶች ተቆጣቸው። ከኩታ ውስጥ ድምፅ ይወጣል ብሎ ማን ያስብ? «እሱ ሚዜዬ አይሆንም! ሌላ ይምጣልኝ!» ብዬ ስደግመው ነው የገባቸው። እናቴ ከኩታው ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ ከወር በላይ አብሮኝ ኖሯል። የነፍስ አባታችን ጎንበስ ብለው በለሆሳስ «ልጄ፣ ሙሽራ አትናገርም እኮ» አሉኝ።

«ተናገርሁ እንግዲህ፣ አባ። እሱ ከማለ ከዚህ አልነሣም።»

የፈንታሁን ወገኖች ማጉረምረም ጀመሩ። አባቴ መጣ። «ምን አደረገሽ? ይህን ያህል ዓመት አብራችሁ ስትሄዱ ምን በደለሽ? ተናገሪ!» አለኝ። ይርጋ ከፊቴ እንደ ቆመ ነው፤ ጆሮው ቀልቷል፤ አፉን አልገጠመውም። አሁን ምን ልበል? በደለኝ ብል ይገድሉታል። እውነቱን ብናገር ሁለታችንንም። ቀና ብዬ በሙሉ ድምፄ «አልወደውም!» አልሁ። የሜሮን ፊልም ልጅ ሰው በተሰበሰበበት «እወድሃለሁ» ትላለች፤ ይጨበጨብላታል። እኔ ሰው በተሰበሰበበት «አልወደውም» አልሁ። ያው አንድ ነገር ነው ያልነው። የእኔው ግን የበለጠ ወኔ ይጠይቃል፤ ማንም አላጨበጨበልኝም።

እንግዲህ ሰርግ አይበተንም፤ በሬው ታርዷል። ሦስተኛ ሚዜ ሆኖ የመጣ ቢያድግልኝ የሚባል ክብ ሰውነት ያለው ልጅ ጥግ ይዞ ጥሬ ሥጋ ሲቆርጥ ነበር፤ ክንዱን ይዘው ጎትተው አስነሡት። አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጠው «ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ናት» ብሎ ማለልኝ። «ተቀበልሁ» አልሁ። በቅሎዋ ላይ ያወጣኝም እሱ ነው፤ ሁለት ጊዜ ጣለኝ። መንገዱን ሙሉ ልጃገረዶቹ እዚያው የፈጠሩትን ግጥም ያወርዱ ነበር፦

ሚዜው ቆሞ ቀረ ከደጅ እንደ ውሻ፣
ሙሽራዋ ጠልታው እስከ መጨረሻ።

ይርጋ ከዚያን ቀን በኋላ በአባቴ ደጅ አላለፈም። ጓደኛውን፣ አደራውን፣ ስሙን በአንድ ቀን አሳጣሁት። እንደጠላሁት አመነ፤ አገር ሁሉ አመነ። አለመግባባት ማለት ይህ ነው፤ የሜሮን ፊልም ልጆች የሚኳረፉት ያልተላከ መልእክት ነው ምናምን ብለው ነው።

ፈንታሁን ክፉ ሰው አልነበረም። አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። ዐሥራ ሁለቱን ላም አልባለሁ፤ እናቱ ትንቢቷ ስለደረሰላት ደስ ብሏታል። ሣጥኔ ውስጥ የስድስተኛ ክፍል የማንበቢያ መጽሐፌን ሸሽጌ መጥቼ ነበር፤ ከብቱ ሲገባና ሲወጣ አንድ አንድ ገጽ አነባለሁ። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ አንድ ቀን ኑግ ያለበትን ቅል ባነሣው ውታፉ ፊደል አለው። ፈንታሁን ከመጽሐፌ ሦስት ቅጠል ቀዶ፣ ጠቅልሎ ወትፎበታል። በክፋት አይደለም፤ ውታፍ አጥቶ ነው። «ምነው ተቆጣሽ፣ ወረቀት እኮ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ እዚያ ቤት እንደማላረጅ አወቅሁ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሚዜዬ ቢያድግልኝም ሊያስታርቅ መጣ። የቀረበለትን በላ፣ ጠጣ፣ እኔን አየት አደረገና «እህቴ፣ መሄድ ነው የምትፈልጊው?» አለኝ። «አዎ» አልሁት። «እንግዲያው ትሂዳ» አላቸው ለሽማግሌዎቹ። ይርጋ ቢሆን ኖሮ ሌሊትና ቀን ለምኖ ባስታረቀኝ። ከመላው ፎገራ ትክክለኛውን ሚዜ መርጬ ነበር ማለት ነው።

ወደ አባቴ ቤት ስመለስ ክረምቱ እየወጣ፣ ሜዳው ግን ገና ውሃ ነበር። ተማሪ ቤት ሊመዘግብ ነው ተባለና ጎሕ ሲቀድ ደብተሬን በቁርበት ጠቅልዬ ታንኳ ወደሚቆምበት ወረድሁ። ያለችው አንዲት ናት፤ ውስጧ ሦስት ዶሮ የያዙ አሮጊት ተቀምጠዋል፤ መቅዘፊያውን ይዞ የቆመው ይርጋ ነው። አድጓል፤ ጢም ብጤ አብቅሏል። አየኝ፤ ፊቱን አዞረ። አሮጊቷ «ግቢ እንጂ ልጄ፣ ገበያው ሊያልፈኝ ነው» ሲሉኝ ገባሁ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቀዝፋል። ውሃው መሀል ስንደርስ መቅዘፉን ተወና፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ «ምን ብበድልሽ ነው?» አለኝ። «በሰው ፊት። በአባቴ ፊት። እርሳሴን ስቆርጥልሽ፣ ስሸኝሽ፣ ምን ብበድልሽ ነው?»

«ዞር በል» አልሁት።

ዞረ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ያን ቀን ብትምል ኖሮ ዛሬ ማን ብለህ ትጠራኝ ነበር?»

«እህቴ ነዋ።»

«እንግዲያው ዓይኔን እያየህ በለኝ። እህቴ በለኝና ይቅርታ ልጠይቅህ፤ እግርህ ላይ ልውደቅ።»

አፉን ከፈተ። ዘጋው። እንደገና ከፈተ። ታንኳዋ ያለ ቀዛፊ ቀስ ብላ ትዞራለች፤ ወረታ በግራችን መጣች፣ በቀኛችን ሄደች። ዶሮዎቹ ጮኹ። አሮጊቷ ትዕግሥታቸው አለቀና «ኧረ አንተ ልጅ፣ በላትና እንሂድ!» አሉ።

«አልችልም» አለ ይርጋ።

«እኔም አልቻልሁም» አልሁት።

አሮጊቷ አንዱን አይተው፣ ሌላውን አይተው፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «እኔ ዶሮ ልሸጥ ነው የመጣሁት» አሉ። ያን ቀን ገበያ ዘግይተው ስለደረሱ ዶሮዎቹን በግማሽ ዋጋ እንደሸጡ እስኪሞቱ ድረስ ሲነግሩን ኖሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው የተለመደ ነው። ሰው አማ፣ እናቴ ዓመት አኮረፈች፣ መሪጌታው «የፈታች ሴት» ብለው ሁለት ዓመት እምቢ አሉ። ሁለት ዓመት ቆየን፤ ስምንተኛ ክፍል ጨረስሁ። የነፍስ አባታችን ናቸው የገላገሉን። መሪጌታውን «ልጅህ ምሎ ቢሆን ኖሮ መስቀሌን ባላነሣሁ። አልማለም። አላስማለችውም» አሏቸው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «አንች ልጅ፣ ለካ ለዚህ ኖሯል?» አሉኝ። ለዚህ ነበር አባ። እኔ ወረታ ሠላሳ ዓመት ያህል የአንደኛ ክፍል ልጆች አስተማርሁ፤ ይርጋ በጽሕፈት ቤት ሠራተኛነት ኖረ፤ አምስት ወልደን አራት አሳደግን። እርሳስ ስገዛ እስከ ጡረታዬ ድረስ ላጲሱን ቆርጦ ለእኔ ይሰጠኝ ነበር። ቢያድግልኝ ደግሞ መሐላውን የምር ይዞታል። በየዓመቱ የሽምብራ እሸት ሲደርስ አንድ ሸክም አሸክሞ መጥቶ «ለእህቴ» ብሎ ደጄ ላይ ያራግፋል፣ ምሳ ይበላል፣ ይሄዳል። አንድም ዓመት አላስተጓጎለ።

ሜሮን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነበር። «እምዬ» አለችኝ፣ «አምና በቀብሩ ቀን የጮኽሽው ለዚህ ነው?»

ለዚህ ነው። ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ደርቄ ተቀምጬ ነበር፤ እንባ እምቢ ብሎኛል፤ ሰው «አላለቀሰችም» እያለ ይንሾካሾካል። አልቃሿ መሀል ወጥታ፣ ስለ እኔ ሆና፣ «ወንድሜ፣ ወንድም ጥላዬ» እያለች ታወርዳለች። ወጉ ነው፤ ሚስትም ባሏን እንዲያ ብላ ታለቅሳለች፤ ክፉ አላደረገችም። ግን እኔ በዕድሜዬ ሁሉ ያን አንድ ቃል ከእሱ ላይ ሳባርር ኖሬ፣ አሁን መመለስ በማይችልበት ሰዓት ይለጥፉበት? ብድግ አልሁ። «ወንድሜ አይደለም!» አልሁ በሙሉ ድምፄ። «ወንድሜ አልነበረም!» አልቃሿ ደነገጠች። ልጆቼ ግራና ቀኝ ያዙኝ፤ ኀዘኑ ጭንቅላቷን ነካው ተባለ። ያን ጊዜ ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሽማግሌ በከዘራው ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሣ። ቢያድግልኝ ነው፤ ክብነቱ ጠፍቶ አጥንት ሆኗል። «ተዋት» አላቸው። «እውነቷን ነው። ወንድሟ እኔ ነኝ።» መጥቶም አጠገቤ ተቀመጠ። ያን ጊዜ አለቀስሁ።